የሦስት ዓመት ተኩል ልጄን ሳል አልለቀው አለ፤ እንጥሉን ላስቆርጠው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ ነው። ልጄ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ከመስከረም ወዲህ ሳል አልለቀው ብሏል፤ ተሻለው ስንል ይመለሳል። ቀን ደህና ይውልና ከሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት ገደማ ይነሳበታል፤ አንዳንዴ እስኪያስመልሰው ድረስ ያስለዋል። ሲሮጥና ሲስቅም ያስለዋል። ጠዋት ጠዋት ያስነጥሰዋል፣ አፍንጫውን በመዳፉ ወደ ላይ ያሻል፣ ዓይኑ ይቀላል። ሦስት ጊዜ አሞክሲሲሊን፣ አንድ ጊዜ አዚትሮማይሲን ወስዷል። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ‹የአለርጂ መርፌ ነው› ብለው ሲወጉት ለሳምንት ያህል ጠፍቶለት ነበር። ሕፃን ሳለ ጉንጩና የክርኑ መታጠፊያ ላይ ችፌ ነበረበት። አባቱም በልጅነቱ አስም ነበረበት ይላሉ። ጥቅምት ላይ ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ሁለት ሳምንት ስንቆይ ጨርሶ ተሻለው። ታኅሣሥ ላይ ኩታበር ገጠር አያቶቹ ዘንድ ስንሄድ ደግሞ ባሰበት፤ እዚያ ወንድ አያቱም ሳል ይዟቸው ሰንብተዋል። ጎረቤቶቼ ‹የጦሳ ተራራ ብርድ ነው የመታው፣ እንጥሉም ወርዷልና አስቆርጪው› ይሉኛል። ወተት፣ እንቁላልና ሙዝ ከልክዬዋለሁ። ሐኪም የሚነፋ መድኃኒት ጽፎልን ነበር፤ ሱስ ይሆንበታል ሲሉኝ ፈርቼ አልጀመርኩም። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ እንጥሉን አያስቆርጡ። ሌላው ሁሉ በምርመራ ቀስ ተብሎ የሚለይ ነው፤ ይህ ግን ዛሬውኑ መዘጋት አለበት። እንጥል የሳል ምንጭ አይደለም። ልጁን ሌሊቱን ሲያስለው ሲያድር ጉሮሮው ይቆጣል፣ እንጥሉም አብሮ ያብጣል። ጠዋት አፉን ከፍተው ሲያዩት ረዝሞ የወረደ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እብጠቱን ያመጣው ሳሉ ነው እንጂ ሳሉን ያመጣው እብጠቱ አይደለም። ከቆረጣው የሚተርፈው ደም መፍሰስ፣ የቁስል መመርቀዝ፣ ቴታነስ፣ ደም ወደ ሳንባ መውረድ ነው። ስለቱ ከአንዱ ልጅ አፍ ወደ ሌላው የሚሄድ ከሆነም ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ አብረው ይሄዳሉ። «የእከሌ ልጅ ተቆርጦ ድኗል» የሚሉ ጎረቤቶች ውሸት አያወሩም፤ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ጉንፋን ትቶት የሚሄድ ሳል አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ቤተሰብ ተጨንቆ ወደ ቆራጭ የሚሄደው ደግሞ ሳሉ ሊያበቃ ሲቃረብ ስለሆነ ምስጋናውን የሚወስደው ምላጩ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ። ከጻፉልኝ ተነሥቼ ስገምት የልጅዎ ሕመም አስም ነው፤ የአፍንጫ አለርጂም አብሮት አለ። ይህን የሚያስብለኝ አንድ ምልክት አይደለም፤ የምልክቶቹ አንድ ላይ መገኘት ነው። ሳሉ ይመጣል ይሄዳል፤ ሌሊት ይብሳል፤ ሩጫና ሳቅ ይቀሰቅሱታል፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሕፃንነቱ ችፌ ነበረበት፤ አባቱ አስም ነበረበት። የመዳፍ እሽታውና የጠዋት ማስነጠሱ አፍንጫው ዘወትር እንደሚያሳክከው ይነግሩናል። ሰዎች «ሲር ሲር ካላለ አስም አይደለም» ይላሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። በትንንሽ ልጆች አስም በሳል ብቻ ሊገለጥ ይችላል። ፉጨቱ ቢኖርም ብዙ ጊዜ የሚሰማው በሐኪም ማዳመጫ ወይም ሌሊት ጆሮን ከጀርባው ላይ አስጠግቶ ነው። አስም ማለት የሳንባ የአየር ቧንቧዎች ውስጠኛ ግድግዳ ለረጅም ጊዜ ተቆጥቶና አብጦ መኖር ነው። እንዲህ የተቆጣ ቧንቧ ጭስ፣ አቧራ፣ ጉንፋን ወይም ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል። ከሌሊቱ በኋለኛው ክፍል ደግሞ ቧንቧዎቹ በተፈጥሮም ይጠባሉ፤ የልጅዎ ሳል 8 እና 9 ሰዓት ላይ የሚነሳው ያለ ምክንያት አይደለም።

ነገር ግን ከጥያቄዎ ውስጥ በጨረፍታ ጠቅሰውት ያለፉት አንድ ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። የወንድ አያቱ ሳል። ለሳምንታት የዘለቀ የአዋቂ ሰው ሳል ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ነው የሚታየው። ሕፃን ደግሞ ነቀርሳን የሚይዘው ከሌላ ሕፃን ሳይሆን አብሮት ከሚያድር፣ አቅፎት ከሚያጫውተው አዋቂ ነው። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጀርሙ ከገባበት ከትልቅ ሰው በፈጠነ ሁኔታ ይታመማል። በተወለደ ጊዜ ክንዱ ላይ የተወጋው የቢሲጂ ክትባት ወደ አንጎልና ወደ መላ ሰውነት ከሚሰራጨው ከባድ ዓይነት በደንብ ይከላከላል፤ የሳንባውን ግን ሁልጊዜ አያስቀርም። ስለዚህ «ተከትቧል» ብለው አይዘናጉ።

ልጅዎን የሚያመው ነቀርሳ ነው ማለቴ አይደለም። የነቀርሳ ሳል ዛሬ ጠፍቶ ነገ አይመጣም፤ ያለ ማቋረጥ ይቀጥላል። ኮምቦልቻ ስለወረደ ለሁለት ሳምንት አይለቅም። ክብደት አለመጨመር፣ የሰነበተ ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የጨዋታ ስልቹነት፣ አንገት ላይ የሚያብጥ እጢ አብረውት ይመጣሉ። እርስዎ ከእነዚህ አንዱንም አልጻፉም። ቢሆንም በግምት አይታለፍም። አያቱ በዚህ ሳምንት አቅራቢያቸው ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደው አክታ ይስጡ። ልጁም ይመዘን፣ የደረት ራጅ ይነሣ። አክታ ማውጣት ለማይችል ሕፃን ናሙናው ከሰገራም ሊወሰድ ይችላል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የነቀርሳ ምርመራውም መድኃኒቱም በነፃ ነው። የአያቱ አክታ ጀርም ከተገኘበትና ልጁ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘም መንገዱ በዚያ አያበቃም፤ ከአምስት ዓመት በታች ስለሆነ የመከላከያ መድኃኒት ይጀመርለታል። ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ወደ ኩታበር አይውሰዱት። አያቱን ማስቀየም እንዳይመስልብዎት፤ ቀድሞ መታከም የሚጠቅመው እሳቸውን ራሳቸውን ነው።

ሌላም አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት፤ መልሱን ለሚያየው ሐኪም ይንገሩት። መስከረም ላይ ሳሉ ሲጀምር ልጁ ቆሎ፣ ሽምብራ፣ ለውዝ ወይም በቆሎ እየበላ በድንገት ትን ብሎት ነበር? ብሎት ከሆነ ፍሬው ሳንባ ውስጥ ተቀርቅሮ ሊሆን ይችላል፤ እሱን የሚያወጣው ልዩ መሣሪያ ነው እንጂ ሽሮፕ አይደለም። አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ቆሎና ለውዝ በእጁ አይሰጠው። ወሎ ውስጥ ቆሎ የማይገኝበት ቤት ስለሌለ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ።

አንቲባዮቲኩ ለምን እንዳልሠራ አሁን ግልጽ ይሆናል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ይገድላል። አስምና አለርጂ ባክቴሪያ አይደሉም፤ ጉንፋንም የሚመጣው ከቫይረስ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ጤነኛ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ጉንፋን ሊይዘው ይችላል። እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳል ትቶ ስለሚሄድ በክረምትና በመኸር አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርብበታል። ከአራት ዙር አንቲባዮቲክ የተረፈው ነገር የሆድ መረበሽና መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንድ ልዩ ሁኔታ ብቻ አለ፦ ቀን ከሌሊት ሳይለይ፣ እርጥብ፣ ደረቱ ውስጥ አክታ የሚንኳኳ ሳል ከአራት ሳምንት በላይ ከቆየ በተገቢው አንቲባዮቲክ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይታከማል። እርስዎ የገለጹት ግን ይህን አይመስልም።

«የአለርጂ መርፌ» የተባለው ምን እንደነበር የተጻፈ ነገር አልሰጡዎትም። በተግባር በዚህ ስም የሚወጋው ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታሶን ወይም ሃይድሮኮርቲሶን፣ ማለትም ቁጣንና እብጠትን የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ነው። ሳሉ ለሳምንት መጥፋቱ የቧንቧው ችግር ቁጣና እብጠት መሆኑን ይጠቁማል፤ ምርመራችንንም ያግዛል። ይሁን እንጂ ሁለተኛ እንዲወጉት አይፍቀዱ። ስቴሮይድ በመርፌ ወይም በሚዋጥ መልክ እየተደጋገመ ሲሰጥ ዕድገት ይገታል፣ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ነቀርሳ ተደብቆ ካለ ደግሞ ምልክቱን ሸፍኖ በሽታውን ያነቃዋል። ከባድ የአስም ጥቃት ሲነሳ ሐኪም ለጥቂት ቀናት ፕሬድኒሶሎን የተባለ የሚዋጥ ስቴሮይድ ሊያዝ ይችላል፤ ያ ተገቢ ሕክምና ነው። በየወሩ እየሄዱ መወጋት ግን ሕክምና አይደለም።

ኮምቦልቻ ተሽሎት ኩታበር ለምን ባሰበት? ጎረቤቶችዎ መልሱን በብርድ ላይ ጥለውታል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የተቆጣን ቧንቧ እንደሚያስል እውነት ነው። ብርድ ግን አስም አይፈጥርም፤ ሳንባም «አይመታም»። ብርዱ ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ የደሴ ልጆች በሙሉ ሌሊቱን ሲያስላቸው ባደሩ ነበር። እኔ የምጠይቀው እህትዎ ቤት ያልነበረው፣ እርስዎ ቤት ያለው ምን እንደሆነ ነው። እንጀራው የሚጋገረው በኤሌክትሪክ ነው ወይስ በእንጨት? ልጁ የተኛው ምን ላይ ነበር? በደሴ ብርድ ምክንያት በርና መስኮት ተዘግቶ፣ ከሰል ቤት ውስጥ ገብቶ፣ ቡናው በዕጣን ታጅቦ ከአቦል እስከ በረካ ሲፈላ ሕፃኑ እናቱ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ያንን ሁሉ ይስበዋል። ማታ ደግሞ ለሙቀት ተብሎ አጎዛ ይነጠፍለታል፣ ታጥቦ የማያውቅ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ይደረብለታል። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱ በሩን አስከፍቷል፣ ከሰሉን አስወጥቷል፣ ብርድ ልብሱን አስጥሏል። ልጁን ያዳነው ሙቀቱ ራሱ ሳይሆን ሙቀቱ ከቤት ያስወጣው ነገር ይመስለኛል። ኩታበር የሄዳችሁት ደግሞ በውቂያ ወቅት ነው። አውድማ ላይ የሚበንነው እብቅና የገለባ ብናኝ፣ ምድጃው ከመኝታው ያልተለየ ቤት፣ የከብትና የዶሮ ቅርበት አንድ ላይ ሲመጡ አስም ያለበትን ልጅ ሳያሳምሙት አይቀሩም።

ስለዚህ ሕክምናው ከቤት ይጀምራል፤ ከሁሉ አስቀድሞም ጭስ ነው። የእንጨት፣ የኩበት፣ የከሰል፣ የዕጣን፣ የሰንደል፣ የሲጋራ ጭስ ለሳንባው አንድ ነው። «ዕጣን ይባረክበታል እንጂ አይጎዳም» የሚሉ አሉ፤ ለዕጣን ያላቸውን ክብር እረዳለሁ፣ የልጁ ቧንቧ ግን የቅዱሱን ጭስ ከሌላው አይለይም። ቡናውን አይተዉ፤ ዕጣኑን ይተዉት፣ ወይም ልጁ ውጭ ሲጫወት ደጅ ላይ ያጢሱት። የሚጋገረው በእንጨት ከሆነ «ምርት» የሚባለው የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ጭሱን ይቀንሰዋል፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን በሚጋገርበት ሰዓት ልጁ ማእድ ቤት አለመግባቱ ነው። የሚያጨስ ሰው ካለ በረንዳ ላይ ሳይሆን ከግቢ ውጭ ያጭስ። እዚህ ላይ ከሳል ያለፈ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የተቀጣጠለ ከሰል በተዘጋ መኝታ ክፍል ውስጥ በፍጹም አይደር። ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛን ቤተሰብ ሳይነቃ ይገድላል።

ከጭስ ቀጥሎ መኝታው ነው። በቤት አቧራ ውስጥ፣ በተለይ ፍራሽ፣ ትራስና የሱፍ ልብስ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች ይኖራሉ፤ ከሰው ሰውነት በሚረግፍ ቆዳ ይመገባሉ፤ ርጥበት ይወዳሉ። ለአለርጂ ልጆች ከዋነኞቹ ቀስቃሾች አንዱ የእነሱ ኩስ ነው። አጎዛውን ከልጁ መኝታ ያንሡ። አንሶላና የትራስ ልብሱን በሳምንት አንድ ጊዜ በጣም በሞቀ ውሃ ይጠቡ፤ ፍራሹንና ብርድ ልብሱን ደረቅ ፀሐይ ላይ ያሰጡ፣ ሲያራግፉትም ልጁ አጠገብ አይሁን። ወለል ሲጠረግ ውሃ ይርከፍከፍበት። በክረምት ግድግዳ ላይ ሻጋታ የሚወጣ ከሆነ አልጋውን ከግድግዳው ያርቁት፣ ቀን ቀን መስኮት ይከፈት። ድመት ካለች ከመኝታ ክፍል ትውጣ። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ማድረግ አያስፈልግም፤ ከጭሱና ከአጎዛው ይጀምሩ።

ወተቱን፣ እንቁላሉንና ሙዙን ይመልሱለት። ወተት አክታ አይፈጥርም፤ ሙዝም «ብርድ» የለውም። የምግብ አለርጂ በበሉ በደቂቃዎች፣ ቢበዛ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሽፍታ፣ የከንፈር እብጠት፣ ማስመለስ ይዞ ይመጣል፤ ለወራት የሚዘልቅ የሌሊት ሳል ብቻውን የምግብ አለርጂ ምልክት ሆኖ የሚገኘው በጣም አልፎ አልፎ ነው። በማደግ ላይ ያለ ልጅን ከእነዚህ ሦስት ምግቦች መለየት ሳሉን አያቆምለትም፤ ቁመቱንና ክብደቱን ግን ይቀንስበታል።

የቤት መድኃኒቱን በተመለከተ ማር ጥሩ ነው። ከመኝታ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ ማር የሌሊት ሳልን ያለዝባል፤ ብዙ የሳል ሽሮፖች ከዚህ የተሻለ አያደርጉም። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን ግን ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያስከትል ስለሚችል በምላሱ እንኳ አይቅመስ። ጥቁር አዝሙድ ዘይትም ሆነ ቅቤ አፍንጫው ውስጥ አይንጠብ፤ ቅባት ሳንባ ውስጥ ከገባ ለመውጣት የሚያስቸግር የሳንባ ምች ያመጣል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልቶ ማጠንም ይቅር፤ ጥቅሙ ትንሽ ነው፣ በፈላ ውሃ የተቃጠለ ሕፃን ጠባሳ ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል።

ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው የሳል ሽሮፕም ለዚህ ልጅ ቦታ የለውም። ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ ትንፋሽ ስለሚያዳክም ከ12 ዓመት በታች አይሰጥም፤ ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ክልክል ነው፤ የሚያስተኙት ሌሎቹም ሳሉን ሳይሆን ልጁን ነው የሚያፈዙት። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ በመርዛማ ኬሚካል የተበከሉ ሽሮፖች ከብዙ ሕፃናት የኩላሊት ጉዳትና ሞት ጋር ተያይዘው የዓለም ጤና ድርጅት ማስጠንቀቂያ ማውጣቱን አይርሱ። በማያስፈልግ መድኃኒት ልጅን ለአደጋ ማጋለጥ ምን ይባላል?

ለአፍንጫው ግን የሚጠቅም ነገር አለ። ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው በመበጥበጥ ጠዋትና ማታ በየአፍንጫው ቀዳዳ ጥቂት ጠብታ ያድርጉለት፤ ውሃውን በየቀኑ ይቀይሩት። ማሳከኩና ማስነጠሱ ከቀጠለ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን በሐኪም መጠን ይሰጠዋል፤ ከድሮው ክሎርፌኒራሚን ይልቅ የማያፈዙ ናቸው። እነዚህ አፍንጫን ያክማሉ፤ የአስሙን ሳል ግን አያቆሙም። ብዙ ወላጆች «የአለርጂ መድኃኒት ሰጠሁት፣ አልሠራም» የሚሉት ይህን ባለመለየት ነው።

አሁን ወደ ፈሩት መድኃኒት ልምጣ፤ መፍትሔው ያለው እዚያ ነውና። የሚነፋ መድኃኒት ሱስ አያስይዝም። ልብ አያደክምም። «መጨረሻ ላይ የሚሰጥ» መድኃኒትም አይደለም፤ በአስም ሕክምና የመጀመሪያው ነው። ሰው የሚፈራው በአፍ የሚዋጠውን ሽሮፕ ትቶ ይህን መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ሽሮፕ በደም መላ ሰውነትን ዞሮ ነው ሳንባ የሚደርሰው፤ የሚነፋው ግን በጣም ጥቂት መጠን ይዞ በቀጥታ የታመመው ቦታ ላይ ያርፋል። ዓይነቱ ሁለት ነው። ሳልቡታሞል የተኮማተረውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያፍታታል፤ ሲያስፈልግ ብቻ ይወሰዳል። እጅ ቢያንቀጠቅጥ ወይም ልብ ቶሎ ቶሎ ቢመታ ጥቂት ቆይቶ ይተዋል። ቤክሎሜታሶን ደግሞ ቁጣውንና እብጠቱን የሚያበርድ አነስተኛ መጠን ያለው ስቴሮይድ ነው፤ ልጁ ቢያስለውም ባያስለውም በየቀኑ ይወሰዳል፤ ሥራው የሚታየው በቀናትና በሳምንታት ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቤክሎሜታሶኑን ሲያስለው ብቻ ሰጥቶ «አልረዳውም» ብሎ ይጥለዋል። የትኛው የቱ እንደሆነ በቀለም አይለዩ፤ ቀለሙ እንደ አምራቹ ሊለያይ ስለሚችል ስሙን ያንብቡ ወይም ፋርማሲስቱ በአማርኛ ይጻፍበት።

ስለ ዕድገት ይጨነቁ ይሆናል። አነስተኛ መጠን ያለው የሚነፋ ስቴሮይድ በመጀመሪያው ዓመት የቁመት ጭማሪን በትንሹ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ያህል ሊያዘገይ ይችላል። ሳይታከም የሚቆይ፣ እንቅልፍ የሚያሳጣና በየጊዜው መርፌ የሚያስወጋ አስም ዕድገትን ከዚህ በላይ ይጎዳል።

ሦስት ዓመት ተኩል ያለ ልጅ መድኃኒቱን በቀጥታ አፉ ውስጥ ቢነፉበት ጉሮሮው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በመድኃኒቱና በልጁ አፍ መካከል የሚገባ፣ ስፔሰር የሚባል ባዶ ዕቃ ያስፈልገዋል። ከጠፋ ወይም ከተወደደ ተስፋ አይቁረጡ፤ 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የውሃ ላስቲክ ጠርሙስ በትክክል ከተሠራ ተመሳሳይ አገልግሎት እንደሚሰጥ በጥናት ተረጋግጧል። ጠርሙሱን በሳሙና ውሃ ይጠቡና ሳይወለውሉ በራሱ ይድረቅ፤ በጨርቅ መወልወል መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ እንዲጣበቅ ያደርጋል። ታችኛው ጫፉ ላይ ከመድኃኒቱ አፍ ጋር ልክ የሚገጥም ቀዳዳ በጋለ ሽቦ ይብሱና ክፍተቱን በፕላስተር ይድፈኑ። ከዚያ መድኃኒቱን ይነቅንቁ፣ ልጁን ቀጥ አድርገው ያስቀምጡ፣ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ይያዝ። አንድ ጊዜ ይጫኑና እንደ ወትሮው 6 ጊዜ ያህል ሲተነፍስ ይቁጠሩ። ሁለተኛ ካስፈለገ እንደገና ነቅንቀው ይድገሙ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይጫኑ። ከንፈሩን ገጥሞ መያዝ ካልቻለ አፍንጫና አፉን የሚሸፍን ማስክ ያስፈልገዋል። እያለቀሰ ከሆነ መድኃኒቱ ሳንባው አይደርስም፤ ያባብሉት፣ ጨዋታ ያድርጉት፣ እንቢ ካለም ተኝቶ ሳለ በማስክ ይሞክሩ። ከቤክሎሜታሶን በኋላ አፉን በውሃ ያጉመጥምጡት፣ ማስክ ከነበረ ፊቱንም ይጠቡት፤ ይህ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ እንዳይወጣ ይከላከላል።

ስለ ምርመራ ብዙ ገንዘብ አያውጡ። በዚህ ዕድሜ የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ ላይ በሚገባ መንፋት አይቻልም። «የአለርጂ የደም ምርመራ» የሚባለውም ለብቻው አይፈርድም፤ የአንጀት ትላትሎች እነዚያኑ ቁጥሮች ከፍ ያደርጋሉና በእኛ አገር ውጤቱ በቀላሉ ያሳስታል። ይልቅ ሰገራው ይታይ። የወስፋት እጭ በሳንባ በኩል ሲያልፍ ራሱ ሳል ያስነሳል፤ የትል መድኃኒት ከወሰደ የቆየ ከሆነም ይሰጠው። ሌሊት አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ከሆነ ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢ ይታይለት። ክትባቱ መሟላቱንም ካርዱን አውጥተው ይመልከቱ፤ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት የሚሰጠው ክትባት ውስጥ የትክትክ መከላከያ አለ፤ ከጎደለ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ተረጋግቶ ሳለ በአንድ ሙሉ ደቂቃ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፤ ሲተነፍስ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፤ ትንፋሽ አጥሮት መናገር ወይም መጠጣት ካቃተው፤ ከንፈሩ ከጠቆረ፤ ከፈዘዘ ወይም ከተንቀጠቀጠ በየትኛውም ሰዓት ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። አስሙ ከተረጋገጠ በኋላ ጥቃት ሲነሳበት ሳልቡታሞል ሁለት ጊዜ፣ አንድ በአንድ፣ በስፔሰሩ ይስጡት፤ በ20 ደቂቃ ካልተሻለው እየደገሙ መንገድ ይጀምሩ። ደም የቀላቀለ አክታ ወይም የክብደት መቀነስም ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ያሳዩት።

የምመክርዎት እንግዲህ ይህ ነው። በዚህ ሳምንት የአያቱ አክታና የልጁ የነቀርሳ ምርመራ፤ በዚሁ ሳምንት ከሰሉ፣ ዕጣኑና አጎዛው ከልጁ ይራቁ። ነቀርሳው ከተገለለ ወደ ጻፈልዎት ሐኪም ወይም ደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ተመልሰው የሚነፋውን መድኃኒት ይጀምሩ፤ አወሳሰዱንም በዓይናቸው ፊት አድርገው ያሳዩአቸው። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ድረስ አንድም ቀን ሳያቋርጡ ይስጡት። በደብተር ላይ ሌሊት ያሳለበትን፣ ሳልቡታሞል የወሰደበትንና የዕለቱን ሁኔታ፣ ጉንፋን ነበረው ወይ፣ እንግዳ መጥቶ ዕጣን ጨሶ ነበር ወይ እያሉ በአንድ መስመር ይጻፉ። በ12ኛው ሳምንት ሐኪሙ ደብተሩን አይቶ መድኃኒቱን ይቀንሳል ወይም ለጊዜው ያቆማል። ተሽሎት ቆይቶ ሲቆም ሳሉ ከተመለሰ አስም መሆኑ ይረጋገጣል፤ ሕክምናውም ይቀጥላል። ካልተመለሰም እሰየው፤ በዚህ ዕድሜ የሚያስላቸው ብዙ ልጆች ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ይተዋቸዋል፤ ችፌና የአባት አስም ያለበት ልጅ ላይ ግን የመቀጠል ዕድሉ ከፍ ይላል። በትክክል ተሰጥቶት ምንም ለውጥ ካላመጣ ደግሞ ሐኪሙ መጠኑን እጥፍ እንዲያደርግ አይጠይቁት፤ ያኔ አስም ላይሆን ስለሚችል ትን ብሎ ሳንባ የገባ ፍሬ፣ ልብና ሳንባ ሁሉም እንደገና ከሥር ይመረመራሉ።